ፊታቸውን ለተማሪ የሚያውሱት ዶን ሊሲማኮ

ምላጭ መያዝ የሚለማመድ ሰው ባለበት ሁሉ፣ ምላጭ ይዞ የማያውቅ አስተማሪ አይጠፋም። ይህን የምለው ተናድጄ አይደለም፤ ወይም ትንሽ ብቻ ተናድጄ ነው። መኪና መንዳት የምትማር ከሆነ መሪ ጨብጦ የማያውቅ የአክስትህ ባል ከኋላ ወንበር ሆኖ «ፍሬን ያዝ» ይልሃል። ቤት የምትሠራ ከሆነ ሚስማር መትቶ የማያውቅ ጎረቤት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድግዳህ መንጋደዱን ያበስርሃል። እነዚህ ሰዎች ደሞዝ የላቸውም፣ የዓመት ፈቃድም የላቸውም፤ አንድ ቀን እንኳ ግን ከሥራ አይቀሩም። ለኛ ከተማ፣ ለፑዌርቶ አልሞንዶ፣ ከዚህ ወገን የደረሷት ዶን ሊሲማኮ ናቸው።

ዶን ሊሲማኮ ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያሉ። ሌሎቹ የሚሰጡት ምክር ብቻ ነው፤ እሳቸው ምክሩን ከነፊታቸው ይሰጣሉ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ወንዙ ዳር ካለው የማኤስትሮ ኒካኖር ፀጉር ቤት ይገባሉ፣ ባርኔጣቸውን ይሰቅላሉ፣ ወንበሩ ላይ ወጥተው አገጫቸውን ወደ ጣሪያ ያነሳሉ። ከዚያ በዚያ ዓመት ምላጭ የሚማረው መከረኛ ማንም ይሁን ማን ፊታቸውን ያውሱታል። በነጻ ነው የሚላጩት። እሳቸውን ብትጠይቅ ግን በነጻ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው።

«ይህ ፊት አምስት ፀጉር ቆራጭ አሳድጓል» ይላሉ። ከዚያ በጣታቸው እየጠቆሙ ያስጎበኙሃል። ከአገጫቸው ሥር ያለችው ጠባሳ ሮሴንዶ ናት፤ ሮሴንዶ ዛሬ ባራንኪያ ውስጥ ባለ ሦስት ወንበር ቤት ከፍቷል። ጆሯቸው ጫፍ ላይ የጎደለችው አቤላርዶ ነው። «ነፍሱን ይማር፣ ደግ ልጅ ነበር፤ እጁ ግን ከባድ።» የከተማችን የእጅ ሙያ ታሪክ ተጽፎ የሚገኘው እሳቸው ጉንጭ ላይ ብቻ ነው።

እኔ ስድስተኛው ነኝ። ቴኦፊሎ እባላለሁ። ምላጭ ለመማር ስቀመጥ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ድረስ ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወንዙ ዓሣውን ነሳን። መረቡን ጥለን ስናወጣ ቅጠልና ላስቲክ እንጂ ሌላ አልነበረበትም። ሚስቴ ኑሪስ ደግሞ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ አርግዛ ነበር። ማኤስትሮ ኒካኖር አርጅተው ከፋሲካ በኋላ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ነው፣ ወንበሩንም በሙያ ለሚወርሳቸው ሰው ሊተዉ ነው ሲባል ሰማሁ። ሄጄ ለመንኳቸው። መቀሱን ቶሎ ለመድኩት። ምላጩ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕጋቸው አንድ ነው። አንድ ፊት፣ ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ያለ አንዲት ጠብታ ደም። ላጭተህ ስትጨርስ ማኤስትሮ በነጭ ጨርቅ ፊቱን ይጠርጉና ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱታል። ጨርቁ ሦስቱንም ቀን ነጭ ከሆነ ወንበሩ ያንተ ነው። ካልሆነ ከማጋንጌ የሚመጣ ሰው ይገዛዋል፤ አንተም ወደ ላስቲክህ ትመለሳለህ።

የመጀመሪያው ቀን መቼም አይረሳኝም። አረፋውን ቀባሁ፣ ምላጩን ዘረጋሁ፣ እጄ ከልጅነቱ በሚያውቀው መንገድ ሄደ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ ዶን ሊሲማኮ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«እየላጨሁ ነው።»

«ከታች ወደ ላይ?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ እኔ ዓሣ ነኝ?»

ማኤስትሮ ኒካኖር እስኪያስላቸው ሳቁ። የዓሣ ቅርፊት የሚነሳው ከጭራ ወደ ጭንቅላት ተፍቆ ነዋ። እኔም ዶን ሊሲማኮን ከአንገታቸው ወደ ጉንጫቸው እየፋቅኩ ነበር። የዚያን ቀን ጨርቁ ነጭ አልነበረም፤ ስለ ቀለሙ ባላወራ ይሻለኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ምላጭ መሳያውን ጠፍር ቆረጥኩት። ምላጭ በጠፍር ላይ ሲሳል ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። እኔ ስለቱን አስቀደምኩና ማኤስትሮ ከአባታቸው የወረሱትን ቆዳ እስከ ግማሹ ሰነጠቅኩት። ማኤስትሮ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ክቡር ዶን ሊሲማኮ ግን የሁለቱንም ድርሻ ተናገሩ። ስለ ቆዳ ተናገሩ፣ ስለ ላም ተናገሩ፣ ስለኔ እናት አስተዳደግ ተናገሩ።

«ቆዳውን ወጥር። ወጥር አልኩህ እንጂ አንቀኝ አላልኩህም።»

«የምላጩ ጀርባ ከፊቴ ብዙ አይራቅ። ቀና ካደረግኸው ይቆርጣል፣ ካስተኛኸው ይጎትታል። አሁን ምን እያደረግህ እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«አትንፍስ። እሺ ተንፍስ፤ እኔ ላይ ግን አትንፍስ።»

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ምላጩን በመያዣው በኩል አዙሬ «እንኩ እስቲ፣ እርስዎ ያሳዩኝ» አልኳቸው። እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አላወጡም። «እኔ የፊት ሰው ነኝ። የእጅ ሰው አንተ ነህ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከተማው ስለሳቸው የሚያወራውን እኔም አወራ ነበር። ኑሪስ ማታ ማታ የተቆረጠ ጣቴን እያሠረችልኝ «እንዴት ያለ ብልጥ ሽማግሌ ነው እባክህ፤ ለምላጭ አንድ ፔሶ ሳያወጣ ሊሞት ነው እኮ» ትላለች፤ እኔም እስቃለሁ። ሥጋ ሻጩ ካርሜሎ ደግሞ «ሰውዬው ደሙን ሰጥቶ ሳሙና የሚያተርፍ ነጋዴ ነው» ይላቸዋል። ቀርተው አያውቁማ። ወንዙ ሞልቶ መንገዱን የዋጠው ጊዜ በታንኳ መጥተው ደጁ ላይ ወረዱ። ወባ የያዛቸው ጊዜ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ መጡ። የዐቢይ ጾም መግቢያ ቀን እንኳ፣ በኛ ዘንድ ማንም ስለት የማይነካበት ቀን፣ በጓሮ በር ገቡ። ማኤስትሮ ኒካኖርም ራሳቸው ላጯቸው። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳትሰሙት ብትቀሩ ጥፋቴ አይገባችሁም። በኛ ከተማ ሰው ተቀብሮ ዘጠኙ ሌሊት ጸሎት እስኪያልቅ የቤቱ ወንዶች ምላጭ አይነኩም። በአሥረኛው ጠዋት መጥተው ይላጫሉ፣ ሐዘኑም እዚያ ወለል ላይ ይጠረጋል። ስለዚህ ጺሙ ያደገ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ስንፍና ነው ብሎ የሚያስብ የለም። «ማን ሞተብህ?» ነው የሚባለው።

ከፋሲካ በፊት ባለው ወር ውስጥ ነው። እጄ እየተሻሻለ ነበርና ደፈርኩ። አገጫቸው ጋ ስደርስ ምላጩ ገባ። ትንሽ አልነበረም። ደም ማቆሚያውን ነጭ ድንጋይ ጫንኩበት፣ ጨርቅ ጫንኩበት፣ አልቆም አለ። ካርሜሎ ተራውን እየጠበቀ ተቀምጧል። እኔ ደንግጬ፣ ደግ ሰው የሆንኩ መስሎኝ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ዶን ሊሲማኮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ እስኪድን ምላጭ አይንካው። አንድ ዘጠኝ ቀን ጺምዎን ይተዉት።»

ካርሜሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማኤስትሮ የያዙትን ማበጠሪያ አስቀመጡ። ዶን ሊሲማኮ ጨርቁን ከአንገታቸው ፈትተው ተነሱ። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ ነጭ አረፋ ነው፣ ከአገጫቸው ደም ሸሚዛቸው ላይ ይወርዳል። ባርኔጣቸውን አነሱ።

«እኔ የሞተብኝ ሰው የለም» አሉ። ወጡ።

ያሚድ የሚባል ልጅ እንደነበራቸው አውቅ ነበር፤ ማን የማያውቅ አለ? በሰው ጀልባ ላይ ነበር የሚሠራው። ከዚያ ቀን አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታጠቁ ሰዎች ጀልባውን ወንዙ ሲጠማዘዝ ጠብቀው አስቆሙና ከወረቀት ስም አነበቡ። ሦስት ልጆች አወረዱ። የሁለቱን ሬሳ ወንዙ ከሳምንት በኋላ ታች አገር አወጣው። ያሚድን አላወጣውም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በኛ አገር እንዲህ ያለውን አውቆ ዝም ማለት የተለመደ ነው። የማላውቀውን የነገሩኝ ማኤስትሮ ኒካኖር ናቸው፤ ካርሜሎ ከሄደ በኋላ በሩን ዘግተው።

«የልቅሶ ወንበር ይዘን ሄድን» አሉኝ። «መላው ሠፈር። በር ላይ ቆሞ መለሰን። ሬሳ የለም፣ ቀብር የለም፣ ልቅሶ የለም አለ። በማግሥቱ ጠዋት ራሱን ሊላጭ ሲል እጁ አልታዘዝ አለው። አንገቱን ቆርጦ መጣ። የእጁ መንቀጥቀጥ ከዚያ ቀን ወዲህ አልቆመም። እኔ በነጻ ልላጭህ ብለው አይሆንም አለ፤ ምጽዋት አልበላም አለ። ያኔ ሮሴንዶ ጀማሪ ነበር። ፊቴን ላውሰው አለኝ።»

«ተማሪ በሌለ ጊዜስ?»

«አዲስ ሳሙና ልሞክርብህ እለዋለሁ። ምላጩን ልፈትሽብህ እለዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስንት ሳሙና እንደሞከርኩ አትጠይቀኝ።» ማኤስትሮ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ጺሙ ሁለት ቀን ካደገ መንገድ ላይ ማን ሞተብህ ይሉታል፣ ገባህ? መልስ መስጠት አለበት።»

አፈርኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። በዚያ ፊት ላይ ስንት ጊዜ ስቄያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ምላጩን፣ ቡሩሹንና ሳሙናውን በጨርቅ ጠቅልዬ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ዶኛ ኤቬሊያ ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል።

«ማነው?»

«ቴኦፊሎ ነኝ፣ እማማ። ከማኤስትሮ ቤት።»

«ግባ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ ጓሮ ተቀምጧል፤ ምሳውንም አልቀመሰም። ደጅ ወጣ በል ብለው ሰው ያየኛል አለኝ።»

ዶን ሊሲማኮ ማንጎው ሥር ወደ ግንቡ ዞረው ተቀምጠዋል። አረፋው ግማሽ ፊታቸው ላይ ደርቋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ያለ ጨርቅ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ይንቀጠቀጣል።

«ብርድ ነው» አሉ። ሙቀቱ ድንጋይ የሚያፈላ ነበር።

«አዎ፣ ዛሬ ብርድ አለ» አልኩ።

«ምን ልትቆርጥ ቀረህ?»

«ግማሹ ቀርቶኛል። ማኤስትሮ ጀምሮ የማይጨርስ ሰው ወንበር አይወርስም ብለውኛል።»

«እውነት ብለዋል?»

«ባይሉም ይሉ ነበር።»

ፊታቸውን ከግንቡ ወደ እኔ መለሱ። ከዚያ አገጫቸውን ወደ ማንጎው ቅርንጫፍ አነሱ። ውሃ አሙቄ አረፋውን አዲስ መታሁ። ጉንጫቸውን ጨርሼ ቁስሉ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«እዞርበታለሁ» አልኳቸው።

«አትዙር። ላዩ ላይ እለፍ። አንዲት ጸጉር እንዳትተው።»

ላዩ ላይ አለፍኩ። አልጮኹም። እኔ ነኝ ዓይኔ የፈሰሰው፤ ሳሙና ገባብኝ አልኳቸው። እሳቸውም ሳሙና እንዴት እንደሚያዝ በሰፊው አስረዱኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እጄ ቀና። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከፍርሃቱ በላይ የከበደ ነገር ስለያዝኩ ይሆናል። ቁስሉ ዳነ፣ ፋሲካም አለፈ፣ ማኤስትሮ ሻንጣቸውን አሰሩ። የፈተናው ቀን ደረሰ። የመጀመሪያው ቀን ጨርቁ ነጭ ወጣ። ሁለተኛው ቀንም ነጭ ወጣ። ኑሪስ ሆዷን ይዛ ደጅ ትጠብቀኝ ነበርና ስነግራት አለቀሰች።

በሁለተኛው ቀን ዶን ሊሲማኮ ባርኔጣቸውን ሲያጠልቁ «እንግዲህ ከነገ ወዲያ አርፋለሁ» አሉ። «የሠለጠነ ሰው እጅ በነጻ አይነካም። እነዚያን የላስቲክ ምላጮች እገዛለሁ። ኤቬሊያ ትሞክራለች።» ዶኛ ኤቬሊያ እኔን በድምፅ ነው የሚለዩኝ። ከኔ በኋላ የሚማር ሰውም የለም፤ ወጣቶቹ ሁሉ ወደቡ አጠገብ ባለው ፀጉር ቤት በኤሌክትሪክ መላጫ ነው የሚሠሩት። ማኤስትሮም ይሄዳሉ። ሌሊቱን ይህን ሳሰላ አደርኩ፤ በየትኛውም በኩል ባሰላው የሰውዬው ጺም ማደጉ አይቀርም።

በሦስተኛው ቀን ዶን ሊሲማኮ አንድም ምክር አልሰጡኝም። ይህ ከምንም በላይ አስፈራኝ። ቀኝ ጉንጭ፣ ግራ ጉንጭ፣ አንገት፣ አገጭ። ሁሉም አለቀ፤ የቀረችው በግራ ጆሯቸው ሥር ያለችው ስፍራ ብቻ ነበረች። ጀግና ነበርኩ አልላችሁም። ስለ ወንበሩ አሰብኩ፣ ስለ ልጄ አሰብኩ፣ ከማጋንጌ ስለሚመጣው ሰው አሰብኩ። ከዚያ የምላጩን ጀርባ ቀና አደረግኩት። የቁንጫ ንክሻ የምታህል የደም ጠብታ ወጣች።

ማኤስትሮ ኒካኖር ጨርቁን ወደ መስኮቱ አነሱ። ቀይዋን ነጥብ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ዓሣ ስሸጥ እንኳ ዓሣዬ እንደዚያ ተመዝኖ አያውቅም።

«በመቀስ አልፈሃል» አሉ በመጨረሻ። «በምላጭ ወድቀሃል። ወንበሩን ውሰድ፤ በምላጭ ግን ይህ ሰው በቃህ እስኪልህ ድረስ ጀማሪ ነህ።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ጀልባው ሄዱ።

ዶን ሊሲማኮ ጆሯቸው ሥር ያለችውን ደም በጣታቸው ነክተው አዩዋት። «እኔ ተስፋ የለህም ብዬ ነበር» አሉ፤ ባርኔጣቸውን ግን እያፏጩ ነው ያጠለቁት።

ይኸው አምስት ዓመት ሆነኝ። ልጄ አፏን ፈትታ አሁን እኔን የምታርም ሆናለች። ሰው ሁሉ ማኤስትሮ ይለኛል፤ የሐዘን ጺም የሚያነሳም እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ግን ጀማሪ ነኝ። አንዳንድ ቀን አረፋውን ሆን ብዬ አቀጥነዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ጥቂት ጸጉር ጉንጫቸው ላይ እረሳለሁ። ያኔ ስለ እጅ አያያዝ ሃያ ደቂቃ ይናገራሉ። ደንቆሮ ነህ ይሉኛል። እወዳቸዋለሁ፤ ይህን እሳቸው ፊት ባልለውም እዚህ ልበለው።

ከሁለት ወር በፊት የጠፉ ሰዎችን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላከላቸው። ታች አገር ካለ መቃብር ስም የሌለው አጽም ወጥቷል። መጥተው ደም እንዲሰጡ ነው የጠየቋቸው። ሄደው ከጣታቸው ሰጡ። ውጤቱ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ነበር፤ በነዚያ አምስት ሳምንታት ከወትሮው ሁለት እጥፍ መከሩኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ገቡ። ባርኔጣቸውን ሰቀሉ፣ ተቀመጡ።

«ደብዳቤው መጣ?» አልኩ።

«መጣ።» አገጫቸውን ወደ ጣሪያ አነሱ። «እሱ አይደለም።»

ልደሰት ወይ ልዘን አላወቅኩም። እሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም። አረፋውን ቀባሁ፣ ምላጩን ሳልኩ፣ ላጨሁ።  ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር እጄ እንደሚያውቀው ሠራ። ፊታቸውን ከጠረግኩ በኋላ ነው ያየሁት። ጭረት የለም፣ የቀረ ጸጉር የለም፣ ጨርቁ እንዳለ ነጭ ነው።

ዶን ሊሲማኮ እየተንቀጠቀጠ ያለ መዳፋቸውን ከጨርቁ ሥር አውጥተው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። አንገታቸውን ዳሰሱ። ጆሯቸው ሥር ደርሰው ቆሙ።

«ምንም አልተረፈም» አሉ። ድምፃቸው አነሰ። «ተምረሃል ማለት ነው።»

«አንድ ቀን ቀንቶኝ ነው» አልኩ። «በግራ በኩል እጄ አሁንም ይፈራል። ነገ ካልመጡልኝ ይጠፋብኛል።»

በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩኝ። ምን እንዳዩ አላውቅም። ከዚያ ቀስ ብለው ከወንበሩ ወረዱ።

«እሺ፣ ነገ» አሉ። «ውሃውን ግን ሞቅ አድርገው። ዛሬ ቀዝቅዞ ነበር።»